ቁጥር 6/05

ዱንያን ከስንዴው ውስጥ ያወጧት በእጃቸው እየዛቁ ነው፤ አካፋ እንዳያገኛት ፈርተው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በሕይወት እንደሌለች ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሰው ለሞተም ይሳሳል። ኢንስፔክተር ሻንቆ ሲደርስ ስምንት ወዛደሮች ጎተራው ውስጥ እስከ ወገባቸው ሰምጠው፣ ስንዴውን ወደ ኋላቸው ይበትኑ ነበር። ከሁሉ ፊት ያለው የወፍጮው ኃላፊ ደገፉ ነው። ጣቶቹ ደም በደም ሆነዋል።

«አቶ ደገፉ፣ እርስዎ እንኳ ይረፉ» ቢሉት «እንደ እህቴ ናት!» ብሎ ጮኸባቸው።

የኸይሩና ወንድሞቹ ዱቄት ፋብሪካ ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ዱንያ የባለቤቱ የአቶ ኸይሩ የወንድም ልጅ ናት፤ ገና ሃያ አራት ዓመቷ፤ የስንዴውን ጥራት የምትመረምረውም እሷ ነበረች። ያን ቀን ነቀዝ ልትፈትሽ ጎተራው ውስጥ ወርዳ ሳለ የሥረኛው መክፈቻ ተከፈተ። ከሥሩ በሚፈስ እህል ላይ የቆመ ሰው በጉልበት አይወጣም፤ እህሉ ይዞት ይወርዳል።

የአቶ ኸይሩ ልጅ ሥራ አስኪያጁ ቡርሃን፣ ሻንቆን ከጎተራው በላይ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይዞት ወጣ። የጎተራው መውረጃ መሰላልም የመክፈቻው እጀታም እዚያችው ክፍል ውስጥ ናቸው። የቡርሃን ፊት ላይ ዱቄትና እንባ ተለውሷል።

«ወደ ታች ከመውረዷ በፊት እጀታው ላይ ታፔላ ታንጠለጥላለች» አለ። «‹ሰው አለ› የሚል። ታፔላው እጀታው ላይ ካለ፣ የፈለገ ነገር ቢመጣ ማንም አይነካውም።»

«አሁን የት አለ?»

ቡርሃን ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ታፔላው ምስማሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

«አንተ ነህ የመለስከው?»

«ወላሂ አልነካሁትም።»

ሻንቆ ታፔላውን ትክ ብሎ አየው። እጀታ በስህተት ይከፈታል። ታፔላ ግን በስህተት ከእጀታ ወርዶ፣ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ምስማር ላይ አይሰቀልም። የከፈተው ሰው ልጅቷ ከታች እንዳለች አንብቦ፣ ጽሑፉን በእጁ አንስቶ ነው የከፈተው።

የክፍሏ በር የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው። ከዱንያ ሌላ አሻራቸው የሚሠራላቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ ቡርሃን፣ ደገፉ፣ ናሙና ተሸካሚው ማቲና ክፍሏን የሚጠርገው ጦና። ከታች ወፍጮው ቤት ያለው መዝጋቢ ደግሞ ስንዴው መውረድ የጀመረው 6:42 ላይ እንደሆነ በደብተሩ ጽፏል። ሻንቆ ደስ አለው። ይህን ደስታውን በኋላ ሲያስታውስ ፊቱ ይግላል፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው፣ ደስ አለው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው እንዲህ የቀለለ ነገር አልገጠመውም። ከ6:42 በፊት መጨረሻ የገባው ማን እንደሆነ በሩ ራሱ ይነግረዋል።

«ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል የገባውን ሁሉ ከማሽኑ ላይ አውጥተህ በፍላሽ አምጣልኝ» አለው ቡርሃንን።

እስከዚያው ግን ሰዎቹን ጠየቀ።

«ስድስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ባዶ ከረጢት አቀበልኳትና ምሳዬን ልበላ ናጂያ ቤት ሄድኩ» አለ ማቲ።

ጦና የጉኑኖ ሰው ነው። አፉን የፈታው በወላይትኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል። «ስድስት ተኩል ላይ ልጠርግ ገባሁ። ታፔላው እጀታ ላይ ነበር። ‹ዱንያ!› ብዬ ጠራሁት። ‹አቤት ጦና› አለኝ። ደህና ነበረ። ጠርጌ ወጣሁ።»

«ከእሷ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ሥራ ላይ ተኝተሃል ብሎ ከሰሰኝ። ተኝቼ ነበር፣ እውነቱን ነው። አልተቀየምኩም።»

ደገፉ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። «እኔ ምሳ ሰዓት ቢሮዬ ነበርኩ። ልጅቷ ለምሳ ስትቀር ቡርሃን ሊፈልጋት ወጣ፤ ደረጃው ላይ ተገናኝተን አብረን ገባን። ሰባት ከአሥር ይሆናል። ከዚያ በፊት ዛሬ ክፍሏን አልረገጥኳትም።»

ሻንቆ ከሟቿ ጋውን ኪስ የተገኘች ትንሽ ላስቲክ አወጣ። ውስጧ አንድ እፍኝ ስንዴ አለ፤ መልኩ ወደ ሮዝ የሚያደላ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የተቀባ የዘር ስንዴ ነው» አለ ደገፉ ሳያመነታ። «ለመዝራት እንጂ ለመብላት አይሆንም፣ መርዝ ነው። ገበያ ላይ አይታ ለናሙና አንስታው ይሆናል። ጎበዝ ልጅ ነበረች እኮ።»

ሻንቆ ላስቲኳን ፖስታ ውስጥ ከቶ አሸገ፤ ለብዙ ቀንም አልከፈታትም።

በማግስቱ ጠዋት ቡርሃን ፍላሹን ይዞ ወደ ጣቢያው መጣ። ዱንያን ማታውኑ ቀብረዋታል፤ ዓይኑ አብጧል። ሻንቆ ፍላሹን ለጸሐፊዋ ለወይዘሮ ጥሩነሽ ሰጣት። ጥሩነሽ ሃያ ሰባት ዓመት የጻፈች፣ በታይፕ ጀምራ በኮምፒውተር የቀጠለች፣ ጣቢያው ውስጥ የተዝረከረከ ወረቀት እንደ ጠላቷ የምታይ ሴት ናት። ኮምፒውተሯም እንደሷ የሰነበተ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲቀየር እሷ የኔን አትንኩብኝ ብላ አስቀርታዋለች። ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም መስመር ብቻ ወጣ፦

6:05 ማቲ6:31 ጦና6:40 ደገፉ7:10 ቡርሃን

«ኤዲያ፣ ምን ዓይነት አጻጻፍ ነው!» አለች ጥሩነሽ። «ቆይ ላስተካክልልህ።»

ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከላይ በቀኝ በኩል «ቁጥር 6/05» ብላ ቀኑን አስከተለች። መካከል ላይ ሠንጠረዥ ሠራች፤ ማቲ 6:31፣ ጦና 6:40፣ ደገፉ 7:10። ከታች «ያዘጋጀው፦ ቡርሃን ኸይሩ»። ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ደብዳቤ ከላይ ቁጥር አለው፣ ከታች የአዘጋጁ ስም አለው። ደግሞስ ፍላሹን ያመጣው ቡርሃን አይደል? ሻንቆ አነበበው፣ ፈረመበት፣ ማህተም መታበት። ወረቀቱ ሲያዩት ያምር ነበር።

ጦና የዚያኑ ቀን ታሰረ። ማቲም አብሮ ታሰረ፤ ስድስት ሰዓት እንዳለፈ ወጣሁ ያለው ሰው በ6:31 ገብቶ ተገኝቷልና። ሻንቆ ናጂያ ምግብ ቤት ሄዶ ጠየቀ።

«ማቲ? ስድስት ከሩብ ላይ እዚህ ቁጭ ብሎ ነበር» አለች ናጂያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ሰባት እስኪሆን አልተነሳም። ሽሮው ዘገየብኝ ብሎ ሲነጫነጭ።»

«ሰዓቱን በምን አወቅሽ?»

«በዚህ ነዋ!» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየችው።

ሻንቆ ሰዓቱን ከእጁ ሰዓት ጋር አመሳከረ። ልክ ነበር። እንግዲህ ሴትዮዋ ለደንበኛዋ እየዋሸች ነው ብሎ ወሰነ። ማቲን ሁለት ቀን አስሮ፣ ከ6:40 በፊት ገብቶ ወጥቷል፣ ገዳይ አይደለም ብሎ ለቀቀው። ለምን እንደዋሸ ግን አልገባውም፤ ማቲም አልነገረው፤ አልዋሸማ።

በሦስተኛው ቀን ደገፉን ጠርቶ ይዞበት የነበረውን መታወቂያ መለሰለት። «ቃልህ ከማሽኑ ጋር አንድ ነው። ስላንገላታንህ ይቅርታ» አለው። ደገፉ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ጦና ብቻ ቀረ።

ሻንቆ ሰው አይመታም። ይህን ሁልጊዜ በኩራት ነው የሚናገረው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠይቃል፣ ያስረዳል፣ ደግሞ ይጠይቃል።

«6:31 ነው የገባሁት» ይላል ጦና። «የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ስላለኝ ሰዓት አይቻለሁ።»

«6:31 የማቲ ነው። ያንተ 6:40 ነው። ተመልከት፤ ስምህ፣ ሰዓቱ፣ ማህተሙ። በሁለተኛው ደቂቃ ስንዴው ወረደ። ከአንተ በኋላ እስከ ሰባት ከአሥር ማንም አልገባም።»

«እኔ አልከፈትኩም።»

«እና ማነው የከፈተው? ማሽን ምን ጥቅም አለው ሊዋሽብህ?»

ጦና ወረቀቱ ላይ ያለውን ስሙን በጣቱ ተከተለ። ባለቤቱ ወለተጊዮርጊስ ከጉኑኖ በየቀኑ እየመጣች የተቀቀለ ቦዬ በጨርቅ ጠቅልላ ታቀብላለች፤ በአራተኛው ቀን ቦዬው ሳይነካ ተመለሰ። በስድስተኛው ቀን ጦና ራሱ መጠየቅ ጀመረ፤ «ምናልባት ስጠርግ መጥረጊያው እጀታውን ነክቶት ይሆን?» ሻንቆም «ታፔላውስ?» አለው። «ታፔላውን አንስተህ ምስማሩ ላይ ሰቅለህ፣ ከዚያ እጀታውን በቀኝ እጅህ ወደ ታች ስበህ አይደለም?» እያለ አሳየው፤ አንዴ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ። በዘጠነኛው ቀን ጦና «እሺ» አለ። «ማሽኑ ካለ እኔ ነኝ።» በዳኛ ፊትም ቃሉን ሰጠ። ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቡርሃን የዱንያን ስልክ ሊወስድ መጣ። ፈርሞ ሲያበቃ አልተነሳም።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ይቆጨኛል» አለ። «ያን ዕለት በሩ ላይ ጣቴ ዱቄት ነበር። ሁለቴ አልቀበልም አለኝ። ሦስተኛው ላይ ነው የከፈተልኝ። ያቺ ደቂቃ ባትባክን እላለሁ።»

«ባትባክንም አትደርስላትም ነበር። ግማሽ ሰዓት አልፏት ነበር» አለው ሻንቆ ሊያጽናናው። ከዚያ እስክሪብቶው በእጁ እንዳለ ቀረ። «ጣቴ አልክ? በሩን የከፈትከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኛ። ደገፉማ እጁን ኪሱ ከቶ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።»

ሻንቆ የወረቀቱን ኮፒ ከመሳቢያው አወጣ። ደገፉ 7:10። ሠንጠረዡን ደጋግሞ አነበበው። ቡርሃን የገባበት ሰዓት የትም የለም።

«ይህን አንተ አይደለህ ያዘጋጀኸው? ስምህ ከታች አለ።»

«እኔ ምንም አላዘጋጀሁም። ከማሽኑ ወደ ፍላሽ ቀዳሁት፣ በቃ።»

ሻንቆ ወደ ጥሩነሽ ጠረጴዛ ሄደ። «ጥሩዬ፣ ‹ያዘጋጀው› የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ስሙ መጨረሻ ላይ ብቻውን ነበራ። ሰዓት የለው፣ ምን የለው። ታዲያ የአዘጋጁ ካልሆነ የማን ይሆናል?»

«ቁጥሩስ? 6/05?»

«እሱም መጀመሪያ ላይ ብቻውን ነበር። ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

ሻንቆ ፍላሹን ይዞ፣ ጥሩነሽም ነጠላዋን አጣፍታ ተከትላው፣ በባጃጅ፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የብሩክታይት ኮምፒውተር ጥገና ሄዱ። ብሩክታይት ኮምፒውተር ሲበላሽ ጣቢያው የሚጠራት ልጅ ናት። ፍላሹን በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሰካች። ያው ፋይል ተከፈተ፦

6:05 ማቲ
6:31 ጦና
6:40 ደገፉ
7:10 ቡርሃን

ጥሩነሽ ጠጋ ብላ አራቱን መስመሮች በጣቷ ቆጠረች።

«እኛ ጋ እንዲህ አልነበረም» አለች። «በእግዚአብሔር ስም፣ እኛ ጋ አንድ መስመር ነበር። ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም እማማ» አለች ብሩክታይት። «የበሩ ማሽን አንድ መስመር ሲጨርስ ዓይን የማያየው አንድ ምልክት ያስቀምጣል። የእርስዎ የድሮ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለት ምልክት ካላገኘ መስመር አያወርድም። አንዱን ብቻ ሲያይ እንዳላየ ያልፈዋል። ስለዚህ የአንዱን ሰው ስም ከሚቀጥለው ሰው ሰዓት ጋር አጣብቆ አሳያችሁ። ፋይሉም ልክ ነው፣ ኮምፒውተሩም አልተበላሸም። ሁለቱ አይግባቡም፣ ያ ብቻ ነው።»

«ለምንድን ነው ሁለት?» አለ ሻንቆ።

የመለሰችለት ጥሩነሽ ናት። «በታይፕ ሁለት ሥራ ነበር» አለች ወደ ማንም ሳታይ። «መስመሩ ሲያልቅ ደወሏ ቅጭል ትላለች። ሮለሩን ወደ መጀመሪያው ትመልሳለህ፣ ወረቀቱንም አንድ መስመር ከፍ ታደርጋለህ። አንዱን ከረሳህ ይበላሻል። እኔ አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።» ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ሻንቆ የሁሉንም ቃል አንድ በአንድ አስታወሰ። ማቲ ስድስት ሰዓት እንዳለፈ አለ፤ 6:05። ናጂያ አልዋሸችም። ጦና 6:31 አለ፤ 6:31። ሰዎቹ ሁሉ እውነቱን ነግረውት እሱ ግን ማሽኑን ሰማ፤ ማሽኑም እውነቱን ነግሮት ነበር። ከሁሉ መካከል የዋሸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሻንቆ ይቅርታ የጠየቀውም እሱኑ ነው።

የታሸገችውን ላስቲክ ከፍተው ፋብሪካው ውስጥ ሲፈልጉ፣ ከደገፉ ቢሮ ጀርባ ባለው መጋዘን ሃያ ስምንት ኩንታል ሮዝ ስንዴ ተገኘ። ከሩቁ ጥግ በኩል ጎድሏል። መርዙን ከደህናው እየቀላቀለ ለወፍጮ ሲያወርድ ዱንያ ደርሳበታለች። ደገፉ ግን የለም። መታወቂያው በተመለሰለት በማግስቱ በሞያሌ በኩል ወጥቷል። ወዴት ሲባል፣ ጎረቤቶቹ ደቡብ አፍሪካ አሉ።

ዐቃቤ ሕግ ቃለሕይወት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሰማ። ክፉ ሰው አይደለም።

«እኔ አምኜሃለሁ ሻንቆ» አለ። «ግን አስበው። አንዱ ወረቀት ያንተ ፊርማና ማህተም አለበት። ሌላው አሥራ ሁለት ቀን አንተ መሳቢያ ውስጥ ከከረመ ፍላሽ የወጣ ነው። የበሩ ማሽን ራሱስ?»

«ከአሥር ቀን በላይ አያስቀምጥም። ደምስሶታል።»

«ሰውየው ደግሞ በዳኛ ፊት ገደልኩ ብሏል። ወይ ደገፉን አምጣልኝ፣ ወይ ጦና ራሱ ‹ያልኩት ሐሰት ነው፣ ተጨንቄ ነው› ይበል። አንድ ገጽ ይበቃኛል። እሱን ይዤ እሟገታለሁ።»

አንድ ገጽ። ሻንቆ ጥሩነሽ የጻፈችለትን አንድ ገጽ ይዞ በማግስቱ ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄደ። ወለተጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወሬው እንዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም። የጦናን ጃኬት ታጥቦ ተጣጥፎ ይዛለች።

«ይወጣል አሉኝ» አለችው። «ሲወጣ ብርድ እንዳይመታው ይልበሰው። ስጥልኝ ወንድሜ።»

ሻንቆ ጃኬቱን ተቀብሎ ገባ።

ጦና ከስቷል። ሻንቆ በወላይትኛ፣ ሁለቱም ከእናታቸው በተማሩት ቋንቋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። በሩ ምን እንዳለ፣ ኮምፒውተሩ እንዴት እንዳጣበቀው፣ ደገፉ እንደሆነ። «አንተ 6:31 ነው ያልከው። ልክ ነበርክ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ፈርምልኝ።»

ጦና ወረቀቱን አልነካም። የመለሰው በአማርኛ ነው፤ በዚያ በሚደናቀፈው አማርኛው ግን አልነበረም።

«ታፔላውን ከእጀታው ላይ አነሳሁ» አለ። «ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ እጀታውን በቀኝ እጄ ወደ ታች ሳብኩ።»

«ጦና፣ አልሳብክም!»

«አስታውሼዋለሁ ኢንስፔክተር። ማታ ማታ አየዋለሁ። ምስማሩ ይታየኛል። እጄ ላይ ይሰማኛል።»

ሻንቆ ቃላቱን አወቃቸው። የራሱ ናቸው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በትዕግሥት፣ ሳይመታ፣ ሳይሰድብ፣ አንድ በአንድ ያስጠናው እሱ ነው።

«ቃሉ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የነገርኩህ» አለው። «ዱንያ ‹አቤት ጦና› ብላ መልሳልህ የለ? እሱን አስታውስ!»

ጦና ግንባሩን ቋጥሮ ለማስታወስ ሞከረ። በእውነት ሞከረ፤ ሻንቆ ያየዋል። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እሱ ጠፍቶብኛል» አለ። «ያኛው ወረቀት ማህተም ነበረው። ይሄኛው የለውም።» ቀጥሎም «ነገ ሌላ ወረቀት ብታመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ነህ ልትለኝ ነው?» ሲል ጠየቀ። ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

ሻንቆ ብዙ ለመነው። ጠባቂው ሰዓት አልቋል ሲል ጦና ራሱ ተነስቶ፣ እንደ ሁልጊዜው አጎንብሶ ሰላምታ ሰጥቶት ገባ።

ውጪ ወለተጊዮርጊስ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ተነሳች። ሻንቆ በሩን አልፎ ሲወጣ መጀመሪያ ያየችው ከኋላው ሰው ይኖር እንደሆነ ነው። ቀጥሎ እጁን አየች። ጃኬቱ ተጣጥፎ እንዳለ ክንዱ ላይ ነበር፤ ይዞት መውጣቱንም እሷ ስታየው ነው ያወቀው።